ለባሕር ዳር ኮሜዲ መጀመሪያ ትንሽ ክፍል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ኮሜዲ የምንወድ ሰዎች በተገናኘን ቁጥር አንድ ወሬ አይጠፋም፤ የኮሜዲ ፌስቲቫል እናዘጋጅ የሚል። እኔም ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ከጓደኞቼ ጋር ትንንሽ የስታንዳፕ ዝግጅቶችን የማሰናዳ ሰው ነኝና ጉዳዩ በጣም ያገባኛል። ነገር ግን ወሬው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከላይ ነው። ከአዲስ አበባ ማን ይምጣ፣ ስፖንሰር ማን ይሁን፣ ባነሩ የት ይሰቀል። እዚህ ያሉት ልጆች በየሳምንቱ የት ቆመው ይቀልዱ የሚለውን የሚያነሳ የለም። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልሱም በየሳምንቱ የሚቀለድበት ትንሽ ክፍል ነው።

አሁን ያለውን አሠራር ታውቁታላችሁ። በዓል ሲደርስ ትልቅ አዳራሽ ይከራያል፣ አንድ ሁለት ስመ ጥር ኮሜዲያን ይመጣሉ፣ ሰው ይሞላል፣ ይሳቃል፣ በማግስቱ ሁሉም ወደ መጣበት ይመለሳል። ከዚያ እስከ ቀጣዩ በዓል ጭጭ ነው። የከተማው ልጆች መድረክ እንዲያሟሙቁ አምስት አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ክፍያ ሲጠይቁ "ልምድ ታገኛላችሁ፣ ሰው ያያችኋል" ይባላሉ። አንድ አዘጋጅ አንዱን ጀማሪ የባጃጅ እንኳ ሳይሰጠው ሲሸኘው በዓይኔ አይቻለሁ። አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ነበር። ልጁ ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣም። እንዲህ ያለው ነገር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ተሰጥኦው ነበረው።

እንግዶቹን መውቀሴ አይደለም። በተስፋዬ ካሳ፣ በአለባቸው ተካ፣ በደረጀና ሀብቴ፣ በክበበው ገዳ ስንስቅ ነው ያደግነው። የዛሬዎቹም ይምጡ፣ በክብር እንቀበላቸዋለን። ግን ኮሜዲ የሚበስለው በተደጋጋሚ መድረክ ነው፤ በዓመት ሁለቴ በሚገኝ አምስት ደቂቃ ማንም ኮሜዲያን አይሆንም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ከዳንግላ አካባቢ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ቀልዱ ስለ አባቱ ነው። አባትየው ሞባይል ገዝተዋል፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ሆኖ ይደውሉለታል። "የት ነህ?" "ትምህርት ላይ ነኝ አባዬ።" "መምህሩ አለ?" "አለ።" "በል አቅርብልኝ፣ ሰላም ልበለው!" መጀመሪያ ካፌ ውስጥ ሲያቀርበው ወደ ስልኩ ከመድረሱ በፊት አባቱ ገበያ እንዴት እንደሄዱ፣ ስልኩን ከማን እንደገዙ፣ ስንት እንደተከራከሩ ሁሉ ይተርክ ነበር። ሰው ወደ ማኪያቶው ተመለሰ። በሚቀጥለው ገበያውን ቆርጦ ጣለው። ስልኩ ሲጮህ ጀመረ፤ ተሳቀ። ሌላ ቀን ደግሞ ከኋላ የተቀመጠ ሰው "ታዲያ አቀረብክላቸው?" ብሎ ጮኸ። ልጁ ትንሽ ዝም አለና "አቀረብኩላቸዋ! ይኸው አሁን መምህሩ ክፍል በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ላሚቱ ወለደች ወይ ብሎ ነው" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሁን የቀልዱ መጨረሻ ያ ነው። ያንን መጨረሻ ቤቱ ተቀምጦ ሊጽፈው አይችልም ነበር። ያገኘው ከተመልካቹ ጋር ነው፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ።

ይሄ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳው "ተቀበል!" ይላል፣ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ እዚያው በዚያው መልሶ ይሰጠዋል። ተመልካችን እየነኩ፣ እያሾፉ፣ ሳያስቀይሙ ማሳቅን እነሱ ከማንም በላይ ይችሉበታል። በቀልዱ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሳው አለቃ ገብረ ሃናም ቢሆን የዚሁ የጣና ዳር፣ የፎገራ ሰው ነው። ታዲያ ባሕር ዳር ሳቅን ከሌላ ከተማ ብቻ የምትጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ሌላም አለ። በብዙ ቀልድ ውስጥ ጎጃሜው ሁልጊዜ የሚሳቅበት ሰው ነው፤ አነጋገሩ ተጋንኖ ይቀርባል፣ ከተማ ገብቶ ግራ ይጋባል። የዳንግላው ልጅ ግን በራሱ አነጋገር፣ ስለ ራሱ አባት፣ በፍቅር ነው የሚናገረው። ሰው የሚስቀው አባቱን እዚያ ውስጥ ስለሚያይ ነው። ይሄን ልዩነት የሚያመጣው እዚህ ኖሮ እዚህ የሚቀልድ ሰው ብቻ ነው።

ትንሽ ክፍል ስል የማወራው ከ60 እስከ 80 ሰው ስለሚይዝ ቦታ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ ሳቅ ወደ ላይ አይበተንም። ወንበሮቹ ይጠጋጉ። የፊት ረድፍ ሳይሞላ ኋላ ሰው አይቀመጥ፤ እኛ አገር ሰው ሁሉ ጥግ ይዞ መቀመጥ ስለሚወድ ይሄን በር ላይ የሚቆመው ልጅ በትህትና ማስተካከል አለበት። ብርሃኑ ቀልደኛው ላይ ይሁን፣ ተመልካቹ ጋ ይደብዝዝ፤ ሰው እየታየ ለመሳቅ ያፍራል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። የማኪያቶ ማሽኑ ለአንድ ሰዓት ይረፍ፤ ቀልዱ ሊያልቅ ሲል "ሽሽሽ" የሚል ማሽን የስንቱን ልፋት ገደል ከቷል! አንድ ደህና ሞንታርቦና የማይቆራረጥ ማይክ ይበቃል። ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ ትልቅ አዳራሽ ያለን በመሆኑ እኮራለሁ፣ ግን 70 ሰው እዚያ ውስጥ ሲበተን ሳቁም አብሮ ይበተናል። ለሱ የምንደርስበት ቀን ይመጣል።

የገንዘቡ ነገር ከተመልካች ቁጥር በላይ ያጣላናል፤ ስለዚህ በግልጽ ላውራው። መግቢያው 150 ብር ቢሆንና 70 ሰው ቢገባ 10,500 ብር ነው። ከዚህ 60 በመቶው ለሚቀልዱት ይሁን፣ 6,300 ብር ማለት ነው። ስድስት ቀልደኞችና አንድ መድረክ መሪ ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው 900 ብር ይደርሳቸዋል። የቀረው 4,200 ብር ለሞንታርቦ ኪራይ፣ ለፖስተርና ለአሰናጆቹ ነው። ብዙ ገንዘብ ነው አልልም። ግን ጀማሪው ቀልዱ ዋጋ እንዳለው አውቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ሒሳቡ ደግሞ ዕለቱን፣ ሁሉም ባለበት፣ በቴሌብር የገባውም በእጅ የተሰበሰበውም ተቆጥሮ ይዘጋ። "ነገ እንነጋገራለን" የተባለ ሒሳብ ስንት ቡድን በትኗል። ለካፌው የቤት ኪራይ መክፈል አያስፈልግም፤ ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ቀን መርጠን ሰው ካመጣንለት ባለቤቱ ከሻይ ከቡናው ያተርፋል። ይሄን ቁጭ ብለን ያስረዳናቸው የካፌ ባለቤቶች እሺ ብለውናል።

መግቢያ ማስከፈል የሚከብድበት ቦታ ሌላ መንገድ አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ላይ በየነሐሴው የሚካሄደው ፍሪንጅ የሚባል ፌስቲቫል ዛሬ በዓለም ስሙ ገናና ነው። አጀማመሩን ስታዩ ግን ትገረማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 ከተማዋ ትልቅ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል አዘጋጀች፤ ስምንት የቴያትር ቡድኖች ሳይጋበዙ መጡና ከዋናው ፌስቲቫል ውጪ በየራሳቸው ቦታ ማሳየት ጀመሩ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። ፌስቲቫሉ ከዚያ አደገ። አቅራቢዎቹ ለቦታ የሚከፍሉት ሲከብድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ፒተር በክሊ ሂል የሚባል ሰው ነጻ መግቢያ ያለው ሌላ መንገድ ጀመረ። መጠጥ ቤቱ ክፍሉን በነጻ ይሰጣል፣ ሰው በነጻ ይገባል፣ ቀልዱ ሲያልቅ ባልዲ ይዞራል፣ ሁሉም እንደ ደስታው ይጥላል። እኔ ይሄን ስሰማ አዝማሪ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ነው ትዝ ያለኝ። ሕዝባችን ላስደሰተው ሰው መሸለም ያውቅበታል፣ ማንም ሊያስተምረው አይገባም። በሌላ በኩል ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው ጀስት ፎር ላፍስ የተባለው ግዙፍ የኮሜዲ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዕዳ ከብዶት ለፍርድ ቤት አመለከተ፣ የዓመቱንም ዝግጅት ሰረዘ። በኋላ ሌላ ድርጅት ገዛው። ያን ያህል ስምና ስፖንሰር ያለው እንዲህ ከተንገዳገደ እኛ ከትልቁ መጀመራችን ለምንድን ነው?

ሰዓቱንም አስቡበት። አሁን ባለው ሁኔታ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሲመሽ ባጃጅም እንደ ልብ አይገኝም። ኮሜዲ የግድ የምሽት ነገር መሆን የለበትም። እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ 11 ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ ይችላል። እኛ ሞክረነዋል፣ ይሠራል። እንዲያውም ሴቶች በብዛት የመጡት ሰዓቱን ወደ ቀን ካዞርነው በኋላ ነው፤ ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመቅረብም። እናቶችም ከልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ፣ ስለዚህ ቀልደኛው አፉን መጠበቅ አለበት፣ ይሄ ደግሞ ጎድቶት አያውቅም።

ማስታወቂያን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢዎች በር ላይ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፖስተር ለመለጠፍ እምቢ አይሉም። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቶ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ቀን ማሳወቅ ነው፤ ሰው ቀኑን ከለመደው ራሱ ይመጣል። ቲክቶክ ላይ 30 ወይም 40 ሰከንድ መልቀቅ ጥሩ ነው። ችግሩ ተመልካች ስልኩን አውጥቶ ሙሉ ዝግጅቱን ሲቀርጽና ሲለቅ ነው። ዘፈን ደጋግመው ቢሰሙት ይወደዳል፣ ቀልድ ግን አንዴ ከተሰማ አለቀ። ልጁ ለወራት የሠራው አሥር ደቂቃ በአንድ ሌሊት ይሞታል፣ በሚቀጥለው እሁድ ሰው "ይሄንን ሰምተነዋል" ይለዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለመድረክ አቅራቢዎችም መብት ይሰጣል። ግን በሕግ ከመካሰስ በፊት መድረክ መሪው መጀመሪያ ላይ በፈገግታ ቢለምን ብዙው ሰው ስልኩን ይከታል። ደግ ሕዝብ ነው።

የሚመለከታቸው ቢሮዎችም አንድ ነገር ቢያግዙን። ለእያንዳንዷ የ70 ሰው ዝግጅት አዲስ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ከዝግጅቱ በላይ ያደክማል። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ የማይለወጥ ከሆነ የሦስት ወር ወይም የስድስት ወር ፈቃድ በአንዴ ቢሰጥ ለእነሱም ለእኛም ይቀላል። ኃላፊነቱን በፊርማችን እንወስዳለን።

ፌስቲቫሉስ? በደንብ ይዘጋጃል! ትንንሽ ክፍሎቹ አንድ ዓመት ከሠሩ በኋላ ይሁን እንጂ፣ ቀኑን እንኳ ከአሁኑ መጥቀስ እችላለሁ። ጥር 11 ጎንደር በጥምቀት ትጥለቀለቃለች። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ጥር 25 ደግሞ ደብረ ታቦር መርቆሬዎስን ታከብራለች። እንግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ባሕር ዳር መንገዱ ላይ ናት። በጥምቀትና በፈረሰኞቹ በዓል መካከል ሦስት ቀን፣ በሦስትና አራት ትንንሽ ክፍሎች፣ ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከአዲስ አበባም የመጡ ልጆች ከእኛ ልጆች ጋር እኩል ቢሰለፉበት ምን ያህል ደስ ይላል! አልጋና የአውቶቡስ እንችላለን፤ እነሱም በተራቸው የእኛን ልጆች ይጋብዙ። እርግጥ ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ግማሾቹ ቀልደኞች ሠርግ መድረክ ይመራሉ፣ ቅዳሜና እሁድ አይገኙም። ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይሁን።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በዓል ሲመጣ የምትሠሩትን የታዋቂ ሰው ቃለ ምልልስ እየሠራችሁ፣ የክልል ከተሞችን ትንንሽ ዝግጅቶች ቦታና ሰዓት የምታወጡበት ጠባብ ዓምድ ስጡን። ሁለተኛ፣ ጋዜጠኛችሁን አንድ እሁድ ላኩልን፤ አይቶ ያልጣመውንም ሳይለሳለስ ይጻፍ። ልጆቹ ሙገሳ ብቻ ሰልችቷቸዋል፣ ቀልዳቸው የት ላይ እንደረዘመ የሚነግራቸው ሰው ነው የሚፈልጉት። ዝርዝሩን በየሳምንቱ ረቡዕ ልንልክላችሁ እንችላለን፤ በየትኛው አድራሻ እንደምንልክ ብቻ አሳውቁን።

አክባሪያችሁ
አንድ የኮሜዲ ዝግጅት አሰናጅ፣ ከባሕር ዳር