ቲቢው ተመለሰ ወይስ ሻጋታ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቲቢ ብዙ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው። ከዳኑ በኋላ ስለሚመጣው ግን አንድም ቀን አላነበብኩም። አጎቴ የ6 ወሩን መድኃኒት በሥርዓት ጨርሶ፣ ድኖ፣ ሥራ ገብቶ ነበር። ከ2 ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት ሲያስል ሶፍቱ ላይ ደም አየን። አክታው ሁለቴ ተመርምሮ ቲቢ የለም ቢባልም «ተመልሶበታል» ብለው መድኃኒቱን እንደገና አስጀመሩት። በኋላ ሌላ ቦታ ሲቲ ስካን ሲነሳ፣ ቲቢው ሳንባው ላይ ትቶት በሄደው ጉድጓድ ውስጥ ሻጋታ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል!

ሻጋታው አስፐርጊለስ የሚባል ፈንገስ ነው። ብርቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ እርጥበት የነካው እህል፣ አቧራ ውስጥ ሁሉ አለ፣ ብናኙን ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን። ጤነኛውን ሰው ብዙም አይነካውም። አስም ያለበትን ሊያባብስበት ይችላል፣ የሰውነት መከላከያው የደከመውን ደግሞ ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. የዚህኑ ፈንገስ አንድ ዝርያ፣ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን፣ በጣም አሳሳቢ ከሚባሉት ፈንገሶች ጋር መድቦታል።

የቲቢ መድኃኒት ፈንገስ አይገድልም። እንዲያውም ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ የፈንገሱን መድኃኒት፣ ኢትራኮናዞልን፣ ያዳክመዋል። እስቲ አንድ የሳንባ ሐኪም ጠይቁና ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉበት። አጎቴ አሁን ኢትራኮናዞል ላይ ነው፤ ዋጋውን ግን አትጠይቁኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ