ለማዕድን ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ፦ የጎዴ ማጣሪያ ጨዉን ምን ሊያደርገው ነው?

ክቡር ሚኒስትር፣

እንደምን ሰነበቱ? በባሕረ ሰላጤው አገር በነዳጅ ማጣሪያ ጥገና ዓመታት የሠራሁ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። መስከረም 2018 ዓ.ም. የጎዴ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ በስልኬ እያየሁ ደስ አለኝ። በሶማሌ ክልል ካለው የሂላላ መስክ የሚወጣውን ድፍድፍ ነዳጅ በዓመት እስከ 3.5 ሚሊዮን ቶን ያጣራል ተብሏል። ወዲያው ግን አንድ ጎሚቶ ትዝ አለኝ።

ድፍድፉ ሞቆ ከሚጣራበት ማማ አናት የሚወርድ ቧንቧ መታጠፊያ ነበር። ከውጭ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ቆርጠን ስናወጣው ውስጡ ተበልቶ እንደ ቆርቆሮ ሳስቷል። የበላው ጨው ነው። ድፍድፍ ከመሬት ሲወጣ ጨዋማ ውሃ ይዞ ይወጣል። በውሃው ውስጥ ያሉት የማግኒዥየምና የካልሲየም ክሎራይድ ጨዎች ሲሞቁ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ ማማው አናት ላይ እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ጠብ ሲል በውሃው ይሟሟል፣ ብረቱን ይበላል።

ለዚህ ነው ድፍድፉ መጀመሪያ በውሃ ታጥቦ፣ ውሃው በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለየው። አስቸጋሪዎቹ ጥቃቅን ጠብታዎች ናቸው። አስፋልቲን የሚባለው የድፍድፉ ከባድ ክፍል እንደ ቆዳ ይሸፍናቸዋል፤ አይገናኙም።

አልትራሳውንድ የሚጠቅመው እዚህ ነው። አዎ፣ ነፍሰ ጡር የምትታይበት ዓይነት ድምፅ፤ ድግግሞሹ ግን በጣም ዝቅ ያለ። ሞገዱ ጠብታዎቹን ይሰበስባቸዋል፣ ተጋጭተው ይዋሃዳሉ፣ ከብደው ይዘቅጣሉ። እናቶቻችን እርጎ ሲንጡ ቅቤው እንደሚሰበሰበው ማለት ነው። ኃይሉ ከልክ ካለፈ ግን ጠብታዎቹን መልሶ ይፈጫቸዋል። ያኔ ከቀድሞው ይብሳል።

ማጠቢያ ውሃ ጨርሶ አያስፈልግም የሚል ሻጭ ከመጣ አይመኑት። ጨዉን የሚያሟሟው ያው ውሃ ነው። ማጠቢያው በተለምዶ ከድፍድፉ ከ3 እስከ 10 በመቶ ይሆናል። 5 በመቶ ብንይዝ፣ በግርድፍ ስሌት በቀን ከ500 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ጎዴ ላይ ደግሞ ውሃ ማለት ዋቢ ሸበሌ ነው፤ ሰውም ግመልም የሚጠጣው። ስለዚህ የገባው ውሃ በደንብ ተለይቶ ይውጣ፤ ታክሞም ተመልሶ ይሥራ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ንድፉ ሳይጸድቅ የሂላላ ድፍድፍ ናሙና በአገራችን ላቦራቶሪ በተለያየ የአልትራሳውንድ ድግግሞሽና ኃይል ይሞከር። ውሃው ወደሚለይበት ታንክ በሚገባው ቧንቧ ላይም ተፈትቶ የሚወጣ፣ በሁለት ፍላንጅ (በብሎን በሚታሰር የቧንቧ መገጣጠሚያ) የታሰረ ቁራጭ ይኑር፤ የአልትራሳውንድ መሣሪያው በኋላ በእሱ ቦታ እንዲገባ። ዛሬ ወጪው ቀላል ነው። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ግን ያንን ቧንቧ ለመቁረጥ ማጣሪያውን ማቆም ሊጠይቅ ነው። ሙከራው ካልሠራ ቁራጩ ቧንቧ ሆኖ ይቀጥላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቧንቧ ሠራተኛ