ጉዳዩ፦ ስለ ኒውዮርክ ሕፃናት በሽታ የሸጣችሁት የድምፅ ትምህርት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ነርሲንግ አስተምራለሁ። ስለ ሕፃናት ተላላፊ በሽታዎች ታሪክ የምትሸጡትን የድምፅ ትምህርት ገዝቼ ለተማሪዎቼ አሰማሁ። አንባቢዋ ጎበዝ ናት፣ አይሰለችም። የኒውዮርኩ ክፍል ግን የተሳሳተ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሎወር ኢስት ሳይድ ሰፈር በሽታ የቀነሰው «ክትባት ስለመጣ» ነው ትላላችሁ። የቱ ክትባት? ያኔ ለልጆች በስፋት ይሰጥ የነበረው የፈንጣጣው ብቻ ነው። የኩፍኝ ክትባት የመጣው በ1963 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) ከፈረስ ደም ይዘጋጅ የነበረው ሴረምም በዋናነት የታመመ ልጅ ማከሚያ ነበር። ዓይን ለሚያሳውረው ለትራኮማ ደግሞ ዛሬም ክትባት የለም!

የዘለላችሁት ደግሞ ይብሳል። ከ1897 ጀምሮ ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ትራኮማ፣ ጭርት፣ እከክ ወይም ቅማል ያገኙበትን ልጅ ወደ ቤቱ ይሸኙ ነበር። ከዚያስ? የሚያክመው የለም። ወላጆቹ በጠባብ ክፍል ተፋፍገው የሚኖሩ ስደተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ የተላከላቸውን ወረቀት ማንበብ አይችሉም። የታገደው ልጅ መንገድ ላይ ሲጫወት ይውላል። ትምህርት ሲያልቅ ጓደኞቹ መጥተው አብረውት ይጫወታሉ። ታዲያ በሽታው ምኑን ተገታ?

በ1902 ነርሷ ሊሊያን ዋልድ የምትመራው፣ ነርሶችን ወደ ድሆች ቤት የሚልከው የሄንሪ ስትሪት ሰትልመንት ድርጅት ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርሱን ለአንድ ወር ሙከራ ለከተማው አዋሰ። አራት ትምህርት ቤቶች ተሰጧት። ቀላሉን እዚያው አክማ ልጁን ወደ ክፍሉ ትመልሳለች። ለከበደው ቤት ድረስ ትሄዳለች፤ እንዴት እንደሚታጠብ፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚቀባ ለእናትየው ሠርታ ታሳያለች። ከተማው ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ነርሶች ቀጠረ። በሴፕቴምበር 1902 ከትምህርት የታገዱት ከ10,000 በላይ ነበሩ። በዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ 1,100 ገደማ ሆኑ። ይህን ቁጥር አለመጥቀስ እንዴት ይቻላል?

በከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ትሠራ ስለነበረችው ስለ ዶክተር ጆሴፊን ቤከርም አንድ ቃል የለም። በ1908 የሙቀት ወራት ነርሶቿ አራስ ቤት እየዞሩ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ንጽሕና ያስተምሩ ነበር። በሠሩበት አካባቢ የሕፃናት ሞት ከቀደመው ዓመት በ1,200 ያህል ቀንሷል።

የእኔ ተማሪዎች ነገ ገጠር ሲመደቡ ትራኮማ ያገኛሉ። ከእናንተ የሰሙት «ክትባት መጣና አለፈ» ከሆነ እዚያ ምን ሊሠሩ ነው? የእነሱው ሙያ የሠራውን ሥራ ከታሪኩ ቆርጣችሁ አውጥታችኋል።

ስደውል «አስተያየትዎን ተቀብለናል» ተባልኩና ስልኩ ተዘጋ። ስለዚህ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፦ ክፍሉ እንደገና ይቀረጽ። እስከዚያው ከሽያጭ ይነሳ። ለገዙት ሁሉ ስህተቱ በመልእክት ይነገራቸው። ይህ የማይሆን ከሆነ የከፈልኩት ይመለስልኝ። ስክሪፕቱን የሚያርመው ባለሙያ ከፈለገ ያለኝን ጽሑፍ በነፃ እልክለታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት የነርሲንግ መምህርት