የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ልቦለድ ምረጡልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ንባብ ባህል መዳከም በየጊዜው ይጻፋል። ወጣቱ ስልኩ ላይ ተጣደ፣ ወረቀት ተወደደ፣ መጽሐፍ የማይቀመስ ሆነ ይባላል። ልክ ነው። እኔ ግን ማንም የማያነሳውን አንድ ነገር ላንሳ። ፈተና የሌለበት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የማያስጨንቀው፣ ሥራ ውሎ ልቦለድ ማንበብ ብቻ ያማረው ትልቅ ሰው ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ «ይህን ያንብቡ» የሚለው ሰው የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ጥሩ ልቦለድ እንድትመርጥልኝ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሠራተኛ ጠየቅኋት። «ርዕሱን ይጻፉልኝ» አለችኝ። ርዕስ የለኝም፣ አንቺ ምረጪልኝ አልኳት። «እኛ አንመርጥም፣ ካታሎጉን ይመልከቱ» አለችኝ፣ በትሕትና ነው። ከመዝገቧ ሥር ግን አንድ ልቦለድ ግማሹ ላይ ተከፍቶ ተደፍቷል። የራሷ ነው። ይሄስ እንዴት ነው ስላት ፊቷ በራ። ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ታወራኝ ጀመር፤ ሰውዬው እንደሚዋሽ እያወቀች እንዳዘነችለት፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ቢጎተትም ከዚያ በኋላ ማስቀመጥ እንደማይቻል፣ እናቱ ብቅ የምትልበትን ቦታ ደግማ እንዳነበበችው። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ሥራዋ እንደሆነ የነገራት ሰው ግን የለም።

በኛ አገር ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩት መጽሐፍ አዟሪዎች ናቸው። እስከ አገጩ የደረሰ የመጽሐፍ ክምር በክንዱ ታቅፎ ካፌ በረንዳ ላይ የሚመጣው ልጅ ባለፈው የገዛኸውን ያስታውሳል፣ «ያንን ከወደድከው ይሄን ሞክረው» ይልሃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ልቦለድ በሳንቲም የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ። ባለሱቁ የፍቅር ታሪክ የሚወደውን ከስለላ ታሪክ ወዳዱ ለይቶ ያውቅ ነበር። አዟሪው ግን መሸጥ አለበት፣ እንጀራው ነው። ዛሬ አንድ ልቦለድ በመቶዎች በሚቆጠር ብር ተገዝቶ ካልጣመ ያንገበግባል። ከቤተ መጻሕፍት የተወሰደ ካልጣመ ይመለሳል፣ አለቀ። ስለዚህ ያልታወቀ ደራሲ ለመሞከር ከቤተ መጻሕፍት የተሻለ ቦታ የለም።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠሩት ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ ላይብረሪ ሪድስ የሚባል ነገር አለ። በመላ አገሪቱ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ለትልልቅ ሰዎች የተጻፉ አዳዲስ መጻሕፍትን ገና ሳይታተሙ አንብበው ድምፅ ይሰጣሉ። በየወሩ አሥር ይመረጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልቦለዱ ያመዝናል። በጣም የወደድኩላቸው ነገር፣ ከዚህ በፊት ተደጋግመው የተመረጡ ደራስያን ለብቻቸው ሌላ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፤ እንዲህ ካልተደረገ ስመ ጥሮቹ ቦታውን ይዘው አዲስ ጸሐፊ መግቢያ ያጣል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት የሲያትል ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረችው ናንሲ ፐርል ደግሞ መጽሐፍ በመምረጥ ብቻ አገር ያወቃት ሴት ናት። ምክሯ ቀላል ነው። 50 ገጽ አንብብ፣ ካልያዘህ ተወው። ዕድሜህ ከ50 ካለፈ ከ100 ላይ ዕድሜህን ቀንስና የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ሞክር። ልቦለድ ጀምሮ መተው እንደ ነውር ለሚቆጠርበት አንባቢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

እኛ ጋ ልቦለድ ጠቁሙኝ ስትል ሁሉም ያው ሁለት ሦስት ርዕስ ነው የሚነግርህ። ፍቅር እስከ መቃብር። ኦሮማይ። ሁለቱም ይገባቸዋል፣ ወጋየሁ ንጋቱ የመጀመሪያውን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ሰው መጽሐፉን ፍለጋ እንደወጣ የዚያን ዘመን ሰው ይመሰክራል። ከሁለቱ ቀጥሎስ? የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ በ1962 የታተመ ነው፣ ቋንቋው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያው ላይ ይጥለዋል። አንድ ባለሙያ በትንሽ ካርድ «አትቸኩሉ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ንግግሩ ይከፈትላችኋል» ብሎ ቢጽፍበት ስንቱን ያተርፋል! አዳም ረታን ልጀምር ለሚል ሰው «ግራጫ ቃጭሎች ይቆይ፣ መጀመሪያ ማህሌት የተባለውን የአጫጭር ታሪኮች መድበሉን አንብብ» የሚለው ያስፈልጋል። ስለ አብዮቱ ዘመን ለሚጠይቅ የብርሃኑ ዘሪሁን ማዕበል በሦስት መጽሐፍ ቁጭ ብሏል፣ ከኔ ዕድሜ በታች ያለ ሰው ሲያነሳው ግን ሰምቼ አላውቅም። ይህን ካታሎግ አይናገርም። ያነበበ ሰው ነው የሚናገረው።

ባለሙያዎቹ የሚፈሩትም ይገባኛል። አንዱን ደራሲ ከመረጥክ ወዳጁ ነህ፣ የሠፈሩ ልጅ ነህ፣ ፖለቲካ አለህ ትባላለህ። መፍትሔው ግን ዝም ማለት አይደለም። ብዙ ሠራተኛ ድምፅ ይስጥ፣ እያንዳንዱ ከመረጠው ሥር ስሙን ይጻፍ፣ አራት መስመር ምክንያት ያስቀምጥ። ያልተስማማ አንባቢ የራሱን ካርድ ከጎን ይለጥፍ። አዲስ መጽሐፍ ከየት ይምጣ እንዳይባል፣ በሕግ እያንዳንዱ አገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር ይገባል። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ምን እንደወጣ ከማንኛችንም በፊት ያያሉ። በ2014 የተከፈተው፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አዳራሹ ሰፊ ነው፣ መግቢያው ላይ የተመረጡ ልቦለዶች የሚደረደሩባት አንዲት ጠረጴዛ ማን ይከለክላታል?

አንድ ነገር ግን አለ። መርጠው ሲያበቁ «እዚሁ ተቀምጠህ አንብብ» ካሉ ግማሽ ሥራ ነው። ልቦለድ ማታ አልጋ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት ነው የሚነበበው። ከሥራ በኋላ ከተማሪ ጋር ወንበር ተሻምቶ 400 ገጽ የሚጨርስ ሠራተኛ የለም። መታወቂያም ይሁን መያዣ ገንዘብ ይቀበሉ፣ የተመረጡትን ልቦለዶች ለሁለት ሳምንት ቤት ያስወስዱን። መጽሐፍ ይጠፋል የሚለውን ስጋት አውቃለሁ። ጥቂቱ ይጠፋ ይሆናል። መደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት ሳይገለጥ የሚቀመጠውስ ምን ተረፈ?

ለእናንተም ለአዘጋጆቹ ጥያቄ አለኝ። በወር አንዴ ከኪነ ጥበብ ገጻችሁ ጠበብ ያለች ዓምድ ስጡ፣ ከየክፍለ ከተማውና ከየክልሉ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች እየጠየቃችሁ ሦስት ልቦለድ ከነምክንያቱ አውጡ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልላክ። ታሪኩ ከአዲስ አበባ ውጭ የሆነ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት የታተመ፣ ትዳር ውስጥ ስላሉ ሰዎች በቅንነት የሚናገር ልቦለድ እፈልጋለሁ። ያነበበ ባለሙያ ካለ ይንገረኝ።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ