የጠቆረውን የሐር ትል እንቁላል አትድፉ

ውድ አባላት፣ ሸዋሮቢት ያላችሁ ሰሞኑን «የሐር ትላችን እንቁላል ጠቆረ፣ ሞተ እንዴ?» እያላችሁ ነው። አልሞተም። ቢጫው እንቁላል በተጣለ በሁለት ሦስት ቀኑ ቡናማ ከሆነ ተኝቷል፣ ማለትም እድገቱን ለጊዜው አቁሟል ማለት ነው። እኔም አንዴ ወረቀት ሙሉ እንቁላል ደፍቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያስተኛችው እንቁላሉን የጣለችው እናትዬዋ ቢራቢሮ ናት። በዓመት ሁለቴ በሚፈለፈለው ዝርያ፣ እናት ራሷ ገና እንቁላል ሳለች 25 ዲግሪ ሙቀትና ረጅም ብርሃን ካገኘች፣ አድጋ የምትጥለው ይተኛል። 15 ዲግሪና ጨለማ ከሆነ ግን አይተኛም። እኛ ጋ የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ የሚለያየው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ይበልጥ የሚያረዝመው ማታ የምታበሩት አምፖል ነውና ልብ በሉ።

የተኛውን ጥቂት ሳምንት ቤት አቆዩት፤ ከዚያ 5 ዲግሪ አካባቢ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይክረም። ጉሎ የሚበላውን የሐር ትል የምታረቡ ይሄ አይመለከታችሁም፤ የእናንተው አይተኛም።