ሰዎቹ ያው፣ ቁጥሩ ሌላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ትናንት ስትደውዪ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። ከእስር የተፈቱ ሰዎች ወደ ማኅበረሰቡ ስለሚመለሱበት መንገድ ጥናት እየሠራሽ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ስትዞሪ ከርመሽ ያገኘሽው ወይ ፖለቲካ ወይ ስብከት ነው አልሽኝ። «ላይብረሪ ሂጂ» ስልሽ ሳቅሽብኝ። ዕድሜዬን እዚያ ስለፈጀሁ አዳልቼ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ስሚኝ።

ርዕስሽ አንድ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ላይብረሪዎች መጻሕፍትን በቁጥር በሚደረድሩበት በዲዊ አመዳደብ ስለ ወንጀል የሚያወሩት መጻሕፍት 364 ላይ፣ ስለ እስር ቤቶች የሚያወሩት 365 ላይ ናቸው። የወንጀል ሕግ ወዲያ ማዶ 345 ነው። የተፈታ ሰው ሥራ ያገኛል ወይስ አያገኝም ካልሽ ደግሞ 331 ድረስ መሄድሽ ነው። አንዱን ስታገኚ ግራና ቀኙን ሳታዪ አትመለሺ። እኔ ጥሩ ነገር ያገኘሁት አብዛኛውን ጊዜ ከፈለግሁት መጽሐፍ ጎን ነው።

ጥናቶች በሚፈለጉበት ዳታቤዝ ላይ ደግሞ በአንድ ቃል አትፈልጊ። ከእስር ወደ ማኅበረሰቡ መመለስን፣ አሜሪካኖች «ሪኢንትሪ» የሚሉትን፣ እንግሊዞች «ሪሴትልመንት» ይሉታል። ወደ ወንጀል መመለስንም «ሪሲዲቪዝም» የሚል አለ፣ «ሪኦፌንዲንግ» የሚል አለ። አንድ ደህና ጥናት እጅሽ ከገባ ዋቢዎቹን አገላብጪ፤ ከዚያ እሱን ራሱን እነማን እንደጠቀሱት እዪ። እንዲህ እንዲህ እያልሽ አንዱ ወደ አንዱ ይወስድሻል።

አሁን ሆዴን ወደሚበላኝ ነገር ልምጣ፤ ቁጥሮቹ። የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2005 እ.ኤ.አ. በ30 ግዛቶች ከእስር የተፈቱ ሰዎችን አምስት ዓመት ተከታትሎ፣ ውጤቱን በ2014 አወጣ። ከመቶው 77 ያህሉ እንደገና በፖሊስ ተይዘዋል። ይህን ቁጥር የማይጠቅስ የለም። እስከ ሠንጠረዡ ድረስ ብትወርጂ ግን ጥፋተኛ የተባሉት 55 ያህል ናቸው። በአዲስ ፍርድ ተመልሰው እስር ቤት የገቡት ደግሞ 28። ሰዎቹ ያው ናቸው። ልዩነቱ የተቆጠረው ነገር ላይ ነው፤ መያዝ፣ መፈረድ ወይስ መታሰር።

የኖርዌይን 20 በመቶ ከዚህ 77 ጎን አስቀምጦ የሚያጨበጭብ ጽሑፍም ያጋጥምሻል። የኖርዌዩ በሁለት ዓመት ውስጥ የተፈረደባቸውን ይቆጥራል፤ የአሜሪካው በአምስት ዓመት ውስጥ የተያዙትን። ኖርዌይ አልተሻለችም እያልኩሽ አይደለም። ግን እንዲህ አይነጻጸርም። መምህርሽ ይህን ካስተዋለ አለቀልሽ! ስለዚህ ቁጥር ከዜና አትቅጂ፣ ሪፖርቱን ራሱን አስወጪ።

ስለ ሥራ የምትጽፊ ከሆነ የአሜሪካዊቷን የሶሲዮሎጂ ምሁር የዴቫ ፔጀርን የ2003 እ.ኤ.አ. ጥናት አንብቢ። አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ በጥንድ የተመደቡ ወጣቶች ሥራ ፈላጊ መስለው ቀጣሪዎች ዘንድ ሄዱ። ጥንዶቹ የትምህርትና የሥራ ልምዳቸው ተመሳሳይ ነበር፤ በየተራ አንዳቸው የእስር ታሪክ ያለው ሆኖ ይቀርባል። ታሪክ ከሌላቸው ነጮች ከመቶ 34ቱ ተመልሶ ተደወለላቸው፣ ካላቸው 17። ከጥቁሮቹ ታሪክ ለሌላቸው 14፣ ላላቸው 5። አስተውለሻል? ታስሬ ነበር ያለው ነጭ፣ ታስሮ ከማያውቀው ጥቁር በልጦ ተፈለገ።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ አንድ ሰውዬ አለ። የመፈቻ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ይዞ መጣና ኮምፒውተር ላይ የሥራ ማመልከቻ እንድሞላለት ጠየቀኝ። «በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። «ምን ልበል?» አለኝ። «እውነቱን» አልኩት፣ ቶሎ ብዬ። ለእኔ ምን አለብኝ! እሱ ግን ዝም ብሎ ስክሪኑን ብዙ አየው። ከዚያ «አዎ በዪው» አለኝ።

ሊወጣ ሲል ጠረጴዛ ላይ የተተወ መጽሐፍ አነሳ። ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቦታው ላይ ሰካው። አፌን ከፍቼ ሳየው «ውስጥ ሳለሁ ላይብረሪው ውስጥ ነበር የምሠራው» አለኝ። የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኞች አያያዝ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች እያንዳንዱ እስር ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲኖረው ይላሉ፤ ቁጥር 64 ላይ ነው። ቁጥር 107ን ደግሞ እንዳትዘዪው፤ የታራሚው የወደፊት ሕይወት ከፍርዱ መጀመሪያ አንስቶ ይታሰብበት ይላል። ለመግቢያሽ ይሆንሻል።

ነገ ስትሄጂ የላይብረሪ ባለሙያዋን «ስለ እስር መረጃ አለ?» ብለሽ አትጠይቂያት፣ መደርደሪያውን አሳይታሽ ትሄዳለች። የምትፈልጊውን ጥያቄ እንዳለ ንገሪያት። ረቂቁን ሳታሳምሪው ላኪልኝ፤ ቁጥሮቹን እኔ አያቸዋለሁ።

እናትሽ