የምስጋና መልእክት፦ ስማቸውን እንዳልጠራ ላዘዙኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና ለሌሎችም

«ጉዳይሽ ከምን ደረሰ?» እያላችሁ ለወራት ስትጠይቁኝ ለነበራችሁ ቤተሰቦቼ፣ ጎረቤቶቼና ጓደኞቼ በሙሉ፦ ፒያሳ ከሚገኘው ኮሌጄ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ ግቢ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል የጠየቅሁት ዝውውር ተፈቅዶልኝ ትምህርቴን ጀምሬአለሁ። ውጣ ውረዱን አብራችሁኝ ስላያችሁት አልደግመውም፤ ይህን መልእክት የምጽፈው በመጀመሪያ እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎም ሰውን ለማመስገን ነው።

ከሰው እናቴን ለማስቀደም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እሷ ራሷ «መጀመሪያ እኚያን ሰው» ስላለችኝ ትእዛዟን አከብራለሁ።

እኚያ ሰው ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሣ አደራ ብለውኛልና ሁልጊዜ እንደምጠራቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ጋሼ የቀድሞ ኮሌጄ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ለዝውውር ትራንስክሪፕት ብቻ የሚበቃ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶቼ፣ ማለትም ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና የመሳሰሉት፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ዓይነት ይዘት የሚሰጡ በመሆናቸው ብዙ ጥያቄ አላስነሡም። ጭንቁ የመጣው በክፍሉ ኮርሶች ላይ ነበር፤ ለእነዚህ ያገኘሁት ውጤት ብቻ አይበቃም፤ የትኛውን ምዕራፍ፣ በስንት ሳምንት፣ በየትኛው መማሪያ መጽሐፍ እንደ ተማርሁ የሚያሳይና ማኅተም ያረፈበት የኮርስ አውትላይን መቅረብ ነበረበት። ከዘጠኙ ኮርሶቼ የስድስቱ አውትላይን የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ያስተማሩን መምህራን አብዛኞቹ ለቅቀው ሄደዋል።

ጋሼ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ መዝገብ ቤቱን ከፍተው ከእኔ ጋር አቧራ ሲጠርጉ ዋሉ። የለቀቁትን መምህራን ስልክ ከአሮጌ ማስታወሻ ደብተራቸው እየፈለጉ አንድ በአንድ ደወሉላቸው፤ ስልኩን ያላነሣውን አንዱን መምህር እስከ ሜክሲኮ ድረስ ሄደው ከአዲስ ሥራው ቦታ አገኙት። በዚህ አላበቁም። ኮሌጄ ኮርሶቹን በክሬዲት ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት በሚሰጠው የክፍል ትምህርት፣ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኢሲቲኤስ፣ ማለትም ተማሪው በራሱ የሚያጠናውንም ጨምሮ በሚለካው ከአውሮፓ በመጣ አቆጣጠር፣ እንደሚቆጥር ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸው፤ 3 ክሬዲት ሰዓት የሆነ ኮርስ እዚያ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ እንደሚያዝ አጣርተው፣ በማስመሪያ ባሰመሩት ወረቀት ላይ ኮርሶቼን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፈው ሰጡኝ። የእጅ ጽሕፈታቸው ከኮምፒውተር ይበልጥ ይነበባል።

ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ የሚቀጥለውን ሳስታውስ ዕንባ ይቀድመኛል። ጋሼ ዕድሜአቸውን የሰጡበትን ቤት ለቅቄ ለመሄድ እርሳቸውን ማስቸገሬ ያሳፍረኝ ስለነበር፣ በሁለተኛው ቅዳሜ «ጋሼ፣ ኮሌጁን ንቄ እኮ አይደለም» አልኋቸው። ቀና ሳይሉ «አንቺ ልጅ፣ የምትሄጂበትም ኮሌጅ ነበር፤ እዚያው አራት ኪሎ በ1943 ዓ.ም. ኮሌጅ ተብሎ ነው ማስተማር የጀመረው፣ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1954 ዓ.ም. ነው። ይልቅ ያንን ካርቶን አቀብይኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መሄዴ አፍሬ አላውቅም።

እማዬ፣ የሁለት ዓመቱን የኮሌጅ ክፍያ እንዴት ከየት እንዳመጣሽው አንድም ቀን ሳትነግሪኝ «ሂጂ» ስላልሽኝ ምን እላለሁ? እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜም ላፕቶፑን ለእኔ ትቶ የራሱን የቤት ሥራ በስልኩ ሲሠራ መክረሙን አልረሳውም።

የኮሌጄ መምህራን፣ የክፍል ጓደኞቼ፣ በአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወንበር ይዛችሁ ትጠብቁኝ የነበራችሁ እኅቶቼና ሰነዶቼን በትዕግሥት ያያችሁልኝ የሬጂስትራር ሠራተኞች፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በጸሎት ያሰባችሁኝም፣ ለፎቶኮፒ ሳንቲም ሲጎድለኝ «ሌላ ቀን» ያላችሁኝም አላችሁ፤ ስማችሁን በየተራ ባለመጥራቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ዘንግቼአችሁ ሳይሆን ወረቀቱ ስለማይበቃ ነው።

ከዘጠኙ ኮርሶች ሰባቱ ተይዘውልኛል። ሁለቱን እንደገና እየወሰድሁ ነው፤ «አንድ ሴሚስተር ባከነባት» ብላችሁ ላዘናችሁልኝም አሳቢነታችሁን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ አንዱን ኮርስ አሁን ገና ነው የምማረው፤ ያን ጊዜ ያገኘሁት ውጤት ከእውቀቴ ይበልጥ ነበር።

ጋሼ፣ በምትኩ ምን ላድርግልዎ ብዬ ስጠይቅዎ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ተማሪ እንደ እኔ እንዳይንከራተት የሰበሰብናቸውን አውትላይኖች ቅጂ እንድመልስልዎ። ባለፈው ዓርብ መጥቼ ስላላገኘሁዎ ክላሰሩን ከበሩ ግራ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዘጠኙም አሉበት፤ ያሰመሩትን ወረቀት ግን አስቀርቼዋለሁ፤ በእርሱ ፈንታ ኮፒውን ያገኛሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ልጅዎ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ